የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሌሊት ጓሯችን ስለሚገቡ የዱር እንስሳት

ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ሌሊት ወደ መኖሪያ ግቢ ስለሚመጡ የዱር እንስሳት የሚጠይቁ ስለሆኑ፣ በዚህ እትም በአንድነት ልናቀርባቸው ወደናል። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹንም ስም በመተው የተጻፉበትን ቦታ ብቻ አመልክተናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ከጫካው ብዙም በማይርቅ ሠፈር ነው። ከጓሮዬ ጥግ፣ ከወሽመላው ዛፍ አጠገብ፣ አንድ እንስሳ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ይጸዳዳል። ክምሩ ውስጥ የፍሬ ዘር፣ ሣር እና እንደ ቀለበት የተሰባበረ ጠንካራ ነገር ይታያል። አንድ ምሽት በእጅ ባትሪ ሳበራበት፣ ከድመት በጣም የሚበልጥ፣ ዓይኑ ዙሪያ የጠቆረ፣ ሰውነቱ ላይ ነጠብጣብ ያለበት እንስሳ አየሁና ወዲያው ተሰወረብኝ። ምንድን ነው? ሳላስበረግገውስ እንዴት ልከታተለው እችላለሁ? (ከጉለሌ)

መልስ፦ እንስሳው ጥርኝ ነው። ፊቱን ባያዩት ኖሮ እንኳ ስለ ክምሩ የጻፉልን ነገር ለመለየት ይበቃ ነበር። ጥርኝ በሚዘዋወርበት ክልል ውስጥ የተወሰኑ ቦታዎችን መርጦ በተደጋጋሚ እዚያው ይጸዳዳል፤ ይህም በአካባቢው ለሚያልፉ ሌሎች ጥርኞች መኖሩን የሚያስታውቅበት መንገድ ነው። እንደ ቀለበት የተሰባበረው ነገር የሺ እግር ቅርፊት ነው። ሺ እግር ሲነካ መጥፎ ሽታ ያለውና የሚያቃጥል ፈሳሽ ስለሚያወጣ አብዛኞቹ አዳኝ እንስሳት ይተዉታል፤ ጥርኝ ግን ያለ ችግር ይበላዋል። ከዚህም ሌላ ጥንዚዛ፣ አይጥ፣ እንቁራሪት እና መሬት ላይ የረገፈ ፍሬ ይበላል። ወደ ወሽመላው ሥር የሚያመጣውም የረገፈው ፍሬ ሳይሆን አይቀርም።

ብዙ ሰው ጥርኝን ከሸለምጥማጥ ጋር ያምታታዋል። ሸለምጥማጥ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ክብደቱ ከቤት ድመት አይበልጥም፤ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት ያለበትና ቁመቱን የሚያክል ሲሆን፣ ዛፍና አጥር ላይ እንደ ልቡ ይወጣል። ጥርኝ ግን ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ አንገቱን ደፍቶ መሬት እያሸተተ የሚሄድ እንስሳ ነው። ሲደነግጥ ከማጅራቱ እስከ ጅራቱ የተዘረጋውን ረጅም ጠጉር ስለሚያቆመው በአንድ ጊዜ ተልቆ ይታያል። በእርጥብ አፈር ላይ ዱካውን ቢመለከቱ የጥርኙ እንደ ውሻ የጥፍር ምልክት ይኖረዋል፤ ሸለምጥማጥ ግን እንደ ድመት ጥፍሩን ሰብስቦ ስለሚራመድ ምልክቱ አይታይም። ዶሮ የሚያረቡ ከሆነ ግን ሁለቱንም አይመኑ፤ የዶሮ ቤቱን ማታ ማታ በጥብቅ መዝጋት ያስፈልጋል።

ለመከታተል ከፈለጉ የመጀመሪያው ሥራ ክምሩን አለማጽዳት ነው። ቦታው በዲቶል ከታጠበ እንስሳው ምልክቱን ያጣዋል፤ እርስዎም ይመጣል ብለው የሚጠብቁበትን አንድ እርግጠኛ ቦታ ያጣሉ። ሁለተኛው፣ ከቤት ሳይወጡ መጠበቅ ነው። ወደ ጓሮው የሚያይ መስኮት ካለዎት የክፍሉን መብራት አጥፍተው ይቀመጡ። የሰው ዓይን ጨለማን በሚገባ የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ በመካከሉ ስልክዎን ከፍተው አንድ መልእክት ቢያነቡ ልፋትዎ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። በረንዳ ላይ መቀመጥ ካማረዎት ደግሞ ነፋሱ ከእርስዎ ወደ ክምሩ የማይነፍስበትን ምሽት ይምረጡ፤ ጥርኝ ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫውና በጆሮው የሚታመን እንስሳ ነው።

ባትሪውን በተመለከተ፣ ነጭ ብርሃን ፊቱ ላይ ማብራት ለሁለታችሁም አይጠቅምም። የሌሊት እንስሳት ዓይን ከኋላው ብርሃንን እንደገና የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለው በጭላንጭል ያያል፤ በጨለማ ውስጥ ዓይናቸው የሚያበራውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ዓይን ላይ ኃይለኛ ባትሪ ሲበራበት እንስሳው ለጊዜው ይታወራል፤ በዚያው ግቢም ለመመለስ ይፈራል። የባትሪውን ፊት በቀይ ፕላስቲክ ሸፍነው፣ ብርሃኑን ከእንስሳው ጎን መሬት ላይ ያሳርፉት። አብዛኞቹ ሌሊት የሚንቀሳቀሱ አጥቢዎች ቀይ ብርሃንን በደንብ ስለማይለዩት ሥራውን ሳያቋርጥ ሊያዩት ይችላሉ። የመጣበትን ሰዓት፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩን እና የት የት እንዳሸተተ በደብተር ቢመዘግቡ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሚመላለስበትን መንገድ አስቀድመው መናገር ይችላሉ።

በደብዳቤዎ መጨረሻ አንድ ጎረቤትዎ «ይዘን ዝባድ እናውጣለት» ማለቱን ጠቅሰዋል። ዝባድ በእርግጥም ከጥርኝ ዕጢ የሚገኝ፣ ለሽቶ ሥራ የሚውልና አገራችን ለብዙ ዘመናት ወደ ውጭ ስትልከው የኖረች ሀብት ነው። ይሁንና የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝን የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ይከለክላል። ተጠምዶ በጠባብ ጎጆ የሚታሰር ጥርኝ ምን ያህል እንደሚሠቃይ ያየ ሰውም ሐሳቡን ዳግመኛ አያነሳውም።

ጥያቄ፦ ከሰበታ ወጣ ብሎ ባለ አዲስ ሠፈር ቤት ሠርተን ገብተናል። ከአጥራችን ውጭ ማታ ማታ ጅቦች ይመጣሉ፤ ፎቅ ላይ ሆነን ስንመለከታቸው ልጆቼ በጣም ይደሰታሉ። ከሉካንዳ አጥንት እየገዛሁ ብጥልላቸው ቀረብ ብለው የሚመጡ ይመስለኛል፤ ሐረርም እንዲሁ ይደረግ የለም ወይ? ባለቤቴ ግን አይሆንም አለች። (ከሰበታ)

መልስ፦ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርገን ብናስረዳ ይሻላል።

የሐረር ነገር በአንድ ሰው ፍላጎት የተጀመረ አይደለም። በዩኔስኮ መዝገብ የሠፈረው፣ አሮጌውን ከተማ የከበበው የጁገል ግንብ ከታች በኩል ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን፣ ከተማው ለረጅም ዘመን ጅቦችን ቆሻሻ የሚያነሱለት ጎረቤቶች አድርጎ ተቀብሏቸው ኖሯል። በአሹራ በዓልም ለጅቦች በቅቤ የራሰ ገንፎ ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው። ሌሊት ሌሊት ሥጋ የሚያበሉት ሰዎች ጅቦቹን አንድ በአንድ ያውቋቸዋል፤ በስም ይጠሯቸዋል፤ ቦታውም የታወቀ ነው። በእርስዎ ሠፈር ግን ጅቡን እርስዎ ያስለምዱታል፤ ከእርስዎ አጥር ሥር ያጣውን አጥንት ፍለጋ ወደ ማን ደጃፍ እንደሚሄድ ግን አያውቁም። ከቤተ ክርስቲያን የምትመለስ አሮጊት ወይም በረንዳ ላይ የሚተኛ ጥበቃ ሊያጋጥመው ይችላል። ጅብ ሜዳ ላይ የተኛ ሰውንና ሕፃንን እንደሚያጠቃ የታወቀ ነው።

ጅቦች ኑሯቸውን ምን ያህል ከእኛ ማዕድ ጋር እንዳያያዙት የሚያሳይ አንድ ጥናት እንጥቀስ። በትግራይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይህ ጥናት፣ ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከፋሲካ በኋላ የጅቦችን ዓይነ ምድር ሰብስቦ በውስጡ የተገኙትን ጠጉሮች መርምሯል። በ55ቱ የጾም ቀናት እርድ ስለሚቀንስና አጥንትና ቆዳ ከየደጁ ስለሚጠፋ፣ ጅቦቹ አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ፣ ከፋሲካ በኋላም ወደ ቀድሞ ምግባቸው እንደሚመለሱ ታይቷል። እንግዲህ እርስዎ ለሁለት ወር ያስለመዱትን አጥንት በጾም ምክንያት ቢያቋርጡ ዳፋው ለጎረቤት አህያ ሊተርፍ ይችላል ማለት ነው።

መመልከቱን ግን በፍጹም አይተዉት። ፎቅ ላይ መሆንዎ ትልቅ ዕድል ነው፤ ምክንያቱም ጅብ በቅርብ ሲታይ ከሚነገርለት በጣም የተለየ እንስሳ ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ባለ ነጠብጣቡ ጅብ የሚኖረው በመንጋ ሲሆን፣ የመንጋው የበላይ እንስቷ ናት፤ በአካልም ከወንዱ ትገዝፋለች። ግልገል ከወንዶቹ ሁሉ ቀድሞ ሲበላ ካዩ የእናቱን ማዕረግ ወርሶ ነው። ሁለት ጅቦች ሲገናኙ መጀመሪያ ጎን ለጎን በተቃራኒ አቅጣጫ ቆመው አንዱ የኋላ እግሩን ሲያነሳ ይመለከታሉ፤ ይህ ሰላምታቸው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ቀድሞ እግሩን የሚያነሳው ዝቅ ያለ ደረጃ ያለው ነው።

ድምፃቸውንም ያዳምጡ። ከዝቅተኛ ጀምሮ እየወጣ የሚሄደው ረጅም ጩኸት በርካታ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይሰማል፤ የእያንዳንዱ ጅብ ጩኸትም የተለየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን በድምፁ ይለየዋል። «ሳቅ» የምንለው ግን የደስታ አይደለም፤ የተጨነቀ ወይም ምግቡን እየተቀማ ያለ ጅብ የሚያሰማው ነው። ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ ውሾቹን ይስሙ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ውሻን ያለ ጥፋቱ ያማል፤ የውሾች ጩኸት ከሠፈር ሠፈር እየተቀባበለ ሲመጣ ጅቦቹ በየትኛው አቅጣጫ እንዳሉ አስቀድሞ ያመለክታል። ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ነጭ፣ እንደ ኖራ የደረቀ ዓይነ ምድር ካገኙ የእነሱ ነው፤ የሚነጣውም ከሚበሉት አጥንት በሚገኘው ካልሲየም ነው። የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎን ግን በክዳን ይዝጉት፤ ሳያስቡት እያበሏቸው እንዳይሆን።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ እንኖራለን። ከቤታችን ጀርባ ባለው በረንዳ ላይ ሌሊት ራኩን (ዓይኑ ዙሪያ የጠቆረ የአሜሪካ የዱር እንስሳ) ከነግልገሎቿ ትመጣለች። ልጆቼ የድመት ምግብ ያስቀምጡላታል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አይጥ የሚመስል፣ ነጭ ፊት ያለው ሌላ እንስሳ ይመጣል። አደጋ አላቸው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ የድመቱን ምግብ ዛሬውኑ ያንሱት። በምሥራቃዊው የአሜሪካ ክፍል ራኩን የእብድ ውሻ በሽታን ከሚያስተላልፉት የዱር እንስሳት ዋነኛው ነው። ከዚህም በላይ በራኩን ዓይነ ምድር ውስጥ በሰው ላይ፣ በተለይም አፈር እየነኩ እጃቸውን ወደ አፋቸው በሚወስዱ ሕፃናት ላይ፣ የአንጎል ጉዳት ሊያደርስ የሚችል የትል እንቁላል ይገኛል። ራኩን እንደ ጥርኝ በአንድ ቦታ ላይ የመጸዳዳት ልማድ ስላለው በረንዳው ሥር ወይም ጣሪያው ላይ ክምር መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ፤ ካለ ልጆቹን አርቀው እንዴት እንደሚጸዳ የአካባቢውን የጤና ቢሮ ይጠይቁ። ራኩን በቀን ስለታየች ብቻ ግን አብዳለች ማለት አይደለም፤ በጸደይ ወራት የምታጠባ እናት በቀን ምግብ ፍለጋ ትወጣለች። የምትንገዳገድ ወይም ሰውን የማትፈራ ከሆነች ግን ወደ እንስሳት ቁጥጥር ክፍል ይደውሉ።

ነጭ ፊት ያለው ኦፖሰም ነው፤ ከሜክሲኮ በስተ ሰሜን በአሜሪካ ምድር እንደ ካንጋሮ ግልገሎቹን በከረጢት የሚያሳድግ ብቸኛው እንስሳ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በእሱ ላይ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሲያስፈራሩት ቢወድቅና እንደ ሞተ ምላሱን ቢያወጣ አይንኩት፤ በፈቃዱ የሚያደርገው አይደለም፤ ፍርሃቱ ሲለቀው ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል።

የትም አገር ቢሆኑ የዱር እንስሳም ሆነ ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ግድ ነው። በኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ዋና አስተላላፊ ውሻ ስለሆነ የግቢዎን ውሻ ማስከተብም መመልከትን ለሚወድ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው ነው።

ጥያቄ፦ ጃርት የተከልነውን ድንች እየቆፈረ ጨረሰብን። እሾሁን እንደ ቀስት ይወረውራል የሚሉት እውነት ነው? በየትኛው ሌሊትስ ቢጠብቁት ይገኛል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይወረውርም። ሲናደድ እሾሁን አቁሞ፣ የጅራቱን ባዶ ቱቦ መሳይ እሾሆች እያንሿሿ ያስጠነቅቃል፤ ጠላቱ ካልራቀ ግን ዞሮ በጀርባው በኩል ይንደረደርበታል። በቀላሉ የሚነቀለው እሾህ በአጥቂው አካል ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ ተወረወረ የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። ጃርት ብሩህ ጨረቃ ያለበትን ሌሊት አይወድም፤ ጨረቃ በሌለበት ወይም ዘግይታ በምትወጣበት ሰሞን ይጠብቁት። ለድንቹ ደግሞ ከመሬት በታች ዘልቆ የገባ የሽቦ አጥር ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ ላይ ላዩን የቆመ አጥርን ከሥሩ ፈልፍሎ ይገባል።

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር በዘመድ በኩል እንቅስቃሴ ሲኖር በራሱ የሚያነሣ ካሜራ አስመጣሁ። አንድ ሳምንት ጓሮ አቁሜው ባየው የሙዝ ቅጠል ብቻ ነው ያነሣው። ሌሊት የተነሡት ጥቂት ፎቶዎች ደግሞ እንስሳው ጥላ ብቻ ሆኖ ከኋላው ያለው ግድግዳ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካሜራው ተበላሽቶ ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ አቀማመጡ ነው። የካሜራው ሴንሰር የሚቀሰቀሰው ሙቀቱ ከአካባቢው የተለየ ነገር በፊቱ ሲያልፍ ነው። ፀሐይ ያሞቀው የሙዝ ቅጠል በነፋስ ሲወዛወዝ ለሴንሰሩ እንስሳ ይመስለዋል። የፎቶዎቹን ሰዓት ቢመለከቱ አብዛኞቹ ባዶ ፎቶዎች ከቀትር በኋላ የተነሡ ሆነው እንደሚያገኟቸው እንገምታለን። ከፊቱ ያለውን ቅጠልና ረጅም ሣር ይቁረጡ፤ ካሜራውን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አያዙሩት፤ ከተቻለም በሌሊት ብቻ እንዲሠራ ይሙሉት።

ግድግዳው የነጣው ካሜራው ጨለማ ውስጥ የሚጠቀምበት ኢንፍራሬድ የተባለው፣ ዓይናችን በደንብ የማያየው ብርሃን ከነጭ ቀለሙ ላይ ነጥሮ ስለተመለሰበት ነው። ብርሃኑ ወደ ክፍት ቦታ ወይም ወደ ቁጥቋጦ እንዲያመራ አድርገው ያዙሩት። ከፍታው ለጥርኝና ለጃርት የሰው ጉልበት ያህል ይበቃል። እንስሳው ከፊት ለፊት ወደ ካሜራው ከሚመጣ ይልቅ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፍበት ቦታ ይምረጡ፤ ሴንሰሩ ከጎን ወደ ጎን የሚሄደውን ነው በፍጥነት የሚይዘው። ሌላ ሲገዙ ደግሞ ሁለት ዓይነት መኖሩን ይወቁ፤ በ850 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት የሚሠራው ሩቅ ያሳያል፣ ግን ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም ስለሚታይበት አንዳንድ እንስሳትን ያስደነግጣል፤ 940 የተባለው ጨርሶ አይታይም፣ የሚያሳየው ርቀት ግን ያንሳል። ለመኖሪያ ግቢ የኋለኛውን እንመርጣለን፤ ሌባም አያየውም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር እናክል። ካሜራው 02:00 ብሎ ሲጽፍ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለቱ ነው። ብዙ ሰው ደብተሩ ላይ በአንዱ፣ ካሜራው ላይ በሌላው እየመዘገበ እንስሳው ሁለት ጊዜ የመጣ ይመስለዋል፤ ከመጀመሪያው አንዱን ይምረጡ። የካሜራውን ዓይን ደግሞ ወደ ጎረቤት በር አያነጣጥሩት።

ጥያቄ፦ ከቤታችን ጀርባ ባለው አሮጌ መጋዘን ጉጉት ገብታለች። አማቴ መጥፎ ምልክት ናት፣ ትባረር ይላሉ። እኔ ግን ማየት እወዳለሁ። በዚያው መጋዘን የአይጥ መርዝ አስቀምጠናል፤ ይጎዳት ይሆን? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለአማትዎ ጉጉቷ ስለምትበላው ነገር ይንገሯቸው፤ ክርክሩ በዚያ በኩል ይቀልላል። ጉጉት አይጥን ሳትቆራርስ ትውጥና ያልተፈጨውን አጥንትና ጠጉር አድበልብላ መልሳ ትተፋዋለች። ከምታርፍበት ወራጅ ሥር ጥቁር ግራጫ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ድብልብል ነገር ያገኛሉ። ጓንት አድርገው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይዘፍዝፉትና በመርፌ ቀስ ብለው ይለያዩት፤ ከጠጉሩ መሐል የአይጥ ራስ ቅሎች ከነቢጫ የፊት ጥርሶቻቸው ይወጣሉ። ከአንድ ድብልብል ውስጥ ከአንድ በላይ ራስ ቅል መገኘቱ የተለመደ ነው። አማትዎ ፊት ቢያደርጉት የተሻለ ነው።

መርዙ ግን ይጎዳታል። በገበያ የሚሸጡት ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች የደም መርጋትን የሚከለክሉ ሲሆኑ፣ አይጡን በዕለቱ አይገድሉትም፤ ለቀናት ይቆይና እየደከመ ሜዳ ላይ ሲወላገድ ጉጉቷ በቀላሉ ትይዘዋለች። መርዙም ወደ እሷ ይተላለፋል። ስለዚህ መርዙን አንሥተው በምትኩ የሽቦ ወጥመድ ያድርጉ፤ እህሉን ክዳን ባለው በርሜል ያስቀምጡ። እስከ አሁን በመርዙ የሞቱ አይጦች ካሉ በጓንት ሰብስበው ውሻም ሆነ ጅብ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሯቸው።